ምርቃናን የሚያውቅ ሰው ይህን መጽሐፍ ያንብበው

ጫት በሚቃምባት ወልቂጤ ያደገ ሰው ስለ ሱስ በተጻፈ ልቦለድ በቀላሉ አይደነግጥም። የአሜሪካዊውን ፊሊፕ ኬ ዲክ «ኤ ስካነር ዳርክሊ» (እ.ኤ.አ. 1977) ስጀምር የጠበቅሁት የተለመደውን ተግሣጽ ነበር። ያገኘሁት ግን ሳቅ ነው፤ ያውም ቤታችን ድረስ የምናውቀውን ሳቅ።

ቦብ አርክተር ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሱሰኛ ጓደኞቹ ጋር የሚኖር ሰላይ ፖሊስ ነው። ቢሮ ሲገባ መልኩን የሚሰውር ልብስ ስለሚለብስ አለቆቹ እንኳ ማን እንደሆነ አያውቁም። አንድ ቀን «ቦብ አርክተር የሚባለውን ሰውዬ ተከታተል» ብለው ያዝዙታል። ራሱን ሲሰልል ይከርማል፤ የሚውጠው ዕፅ አእምሮውን ለሁለት ሲከፍለው ደግሞ በካሜራ የሚያየው ሰው ራሱ መሆኑ ይጠፋዋል።

ከሁሉ ያሳቀኝ የብስክሌቷ ነገር ነው። ባለ 10 ማርሽ የተባለች ብስክሌት በርካሽ ተገዝታ ትመጣለች። ጓደኛሞቹ ከኋላ 5፣ ከፊት 2 ይቆጥሩና 7 ብቻ ትሆንባቸዋለች። ሦስቱን ማን ሰረቃቸው? ክርክሩ ይጦፋል። በመጨረሻ መንገድ ላይ ያገኙት ልጅ ቁጥሩ ይባዛል እንጂ እንደማይደመር ያስረዳቸዋል።

የጫት በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ወሬ ያውቀዋል። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ኦቾሎኒው ቀርቦ፣ ምርቃናው ጣሪያ ሲነካ አንዱ የትራንስፖርት ድርጅት ያቋቁማል። ሌላው አክሲዮን ያከፋፍላል። ሦስተኛው ገና ባልተገዛው አይሱዙ ትርፍ ተጣልቶ ያኮርፋል። ማታ ምርቃናው በጨብሲ ሲሰበር ድርጅቱም አብሮ ይከስራል።

ሳቁ ግን እዚያ አይቆምም። ጄሪ የሚባለው ልጅ ተባይ ወረረኝ እያለ ቀኑን ሙሉ ሻወር ሥር ይውላል፤ ተባዩ ግን በእውን የለም። እኛ ጋ ደግሞ ዱካክ አለ። የለመደውን ያጣ ቃሚ ላይ ሌሊት ይመጣበታል፤ ያንቀዋል፣ ገደል አፋፍ ላይ ያንጠለጥለዋል። ጠዋት ሲተረክ ሁሉም ይስቃል፣ ተራኪው ጭምር።

ይህን ስል ጫትን ከልቦለዱ ዕፅ ጋር አንድ ማድረጌ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት ቡታጅራ አካባቢ 10,468 አዋቂዎችን ጠይቆ ግማሾቹ እንደሚቅሙ አግኝቷል። ከቃሚዎቹ 80 በመቶው የሰጡት ምክንያት ለጸሎት ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ የሚል ነው። በየቀኑ የሚቅሙት 17.4 በመቶ ነበሩ። በአብሬት የሱፊዎች የጸሎት ጉባኤ (ሐድራ) ላይ ለዱዓ የሚቀመጡት አባት እና ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ተከራይቶ ለፈተና የሚቅመው ተማሪ የያዙት ቅጠል አንድ ነው፤ ታሪካቸው ግን ለየቅል ነው። በዚያ ላይ የስንቱ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከጓሮ ጫት ነው!

መጽሐፉን የወደድኩበት ምክንያት የሚከተለው ነው። እኛ ስለ ጫት የምናወራው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ ወይ እንቀልዳለን፣ ወይ እንሰብካለን። ቀልዱ ጉዳቱን ይሸፍናል፤ ስብከቱን ቃሚ አይሰማም። ዲክ ግን ቀልዱን እና ጉዳቱን አንድ ገጽ ላይ ያስቀምጣል። ይህን ማድረግ የቻለው ከውጭ ሆኖ ስላልጻፈ ነው። መጽሐፉ ሲያልቅ በሱስ የሞቱና አእምሯቸው የታወከ ጓደኞቹን ይዘረዝራል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ የራሱም ስም አለ፣ ከተጎዳው ቆሽቱ ጋር።

መጨረሻውን አላበላሽባችሁም። ብቻ ስታነቡ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን የሱሰኞች ማገገሚያ ማዕከል በዓይነ ቁራኛ ተከታተሉት። ልጁ እንዳይቅም የሚቆጣ፣ ራሱ ግን በየቀኑ ጫት ለአዲስ አበባ የሚጭን ነጋዴ የምታውቁ ከሆነ ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባችኋል።

የኛን መጽሐፍ የሚጽፈው ፍራሹ ላይ የተቀመጠ፣ አሁንም ጓደኞቹን የሚወድ ሰው መሆን አለበት። እስከዚያው በምርቃና የተቋቋመ ድርጅት፣ የተሾመ ሚኒስትር፣ የተጀመረ ፍቅር የምታውቁ ከታች ጻፉልኝ። የሰው ስም አትጥሩ። ማግስቱ ምን እንደሆነ ግን አትዝለሉ።