ከቀባሪው በፊት ጧሪው



የመስቀል በዓል ሲነሣ ንግሥት እሌኒ አብራ ትነሣለች። ደመራው ተለኩሶ ጢሱ ሲያርግ በዐይናችን እየተከተልን፣ ከአሥራ ሰባት መቶ ዓመታት ግድም በፊት በኢየሩሳሌም የሆነውን እናስታውሳለን። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ልብ ሳንለው የምናልፈው ነገር አለ። ንግሥቲቱ ያን ረጅም መንገድ በተጓዘችበት ወቅት፣ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገልጹት፣ ዕድሜዋ ወደ ሰማንያ የተጠጋ ነበር። መስቀሉ የተቀበረበትን ሥፍራ አጥታ በተጨነቀች ጊዜም ቦታውን የጠቆማት፣ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚተረከው፣ ኪራኮስ የተባለ አረጋዊ ነው። ዛሬ በየአደባባዩ የምናከብረው በዓል እንግዲህ ያለ አንዲት ባልቴትና ያለ አንድ ሽማግሌ የማይተረክ ነው።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከመስቀል በኋላ በአራተኛው ቀን ገደማ፣ አብዛኛውን ጊዜ የግሸን ማርያም ክብረ በዓል በሚውልበት በመስከረም 21 ቀን፣ ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ቀን ይከበራል። ቀኑን የወሰነው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሲሆን፣ ውሳኔውን ያሳለፈው ታኅሣሥ 5 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ይኸው ጉባኤ ታኅሣሥ 6 ቀን 1984 ዓ.ም. ስለ አረጋውያን 18 መርሖዎችን አጸደቀ። መርሖዎቹ በአምስት ርእሶች የተከፈሉ ናቸው። እነርሱም ራስን ችሎ መኖር፣ በኅብረተሰቡ ጉዳይ መሳተፍ፣ እንክብካቤ ማግኘት፣ ችሎታን ማዳበርና በክብር መኖር ናቸው። ልብ ብሎ ለሚያነብ ሰው፣ እንክብካቤ ከአምስቱ አንዱ ብቻ መሆኑ ብዙ ያስተምራል። አረጋዊ የሚጦር ሰው ነው፤ የሚናገር፣ የሚወስንና የሚሠራ ሰውም ነው።

እያረጀ ያለው ዓለም

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ቢሊዮን ነበር። ይህ ቁጥር በ2030 ወደ 1 ነጥብ 4 ቢሊዮን፣ በ2050 ደግሞ ወደ 2 ነጥብ 1 ቢሊዮን እንደሚያድግ ይገመታል። ምክንያቱ ሁለት ነው። የሰው ዕድሜ ረዝሟል፤ የሚወለዱ ልጆች ቁጥርም ቀንሷል።

በአገራችን ወጣቱ እጅግ ስለሚበዛ 60 ዓመት የሞላቸው ከሕዝቡ ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ናቸው። ይህ አኀዝ ግን ሊያዘናጋን አይገባም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ በሆነ ሕዝብ ውስጥ ከመቶ አምስት እጅ ማለት በሚሊዮን የሚቆጠሩ አባቶችና እናቶች ማለት ነው። በዚያ ላይ አኗኗራችን ተለውጧል። ቀድሞ ልጆቻቸው በአንድ ቀዬ ሆነው ይጦሯቸው የነበሩ ወላጆች፣ ዛሬ አንዱ ልጅ በአዲስ አበባ፣ አንዷ በቤይሩት ወይም በሪያድ፣ ሌላው በአሜሪካ ሆኖ በስልክ ይጠይቃቸዋል። የተላከው ገንዘብ ይደርሳል፤ ሌሊት ውኃ የሚያቀብል እጅ ግን በሐዋላ አይላክም።

አረጋውያንን የሚጎዳው ድህነት ብቻ ነው የሚል ቢኖር የፈረንሳይን ነገር ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2003 በአውሮፓ ከባድ ሙቀት በተነሣ ጊዜ፣ በፈረንሳይ ብቻ ከተለመደው በላይ 15 ሺህ ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነርሱ የሚበዙት በዕድሜ የገፉ፣ ብዙዎቹም ብቻቸውን የሚኖሩ ነበሩ። ወቅቱ ሰዎች ለዓመት ዕረፍት ከከተማ የሚወጡበት ነበር። በፓሪስ ዘመድ ያልተረከባቸው አስከሬኖች ስለነበሩ ቀብራቸው በመንግሥት አካል ተፈጸመ፤ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዣክ ሺራክም በሥነ ሥርዓቱ ተገኙ። ሆስፒታልም ጡረታም ባለበት አገር የጎደለው፣ በር አንኳኩቶ “እንደምን ዋሉ?” የሚል ሰው ነበር።

ክብርና መብት

በእኛ ዘንድ ለአረጋዊ ክብር አለ። ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫ ይነሣሉ፤ ማዕዱ እርሱ ሳይባርከው አይቆረስም፤ የተጣላም የሚታረቀው በሽማግሌ ነው። ለመስቀል ከየከተማው ወደ ጉራጌ ምድር የሚተምመው ሠራተኛና ነጋዴ የወላጆቹን ደጅ የሚረግጠው ስጦታውን አስረክቦ ምርቃት ለመቀበል ነው። ይህ ሊጠበቅ የሚገባው ትልቅ ሀብት ነው።

ይሁን እንጂ ክብር በሰጪው እጅ ያለ ነገር ነው። ሰጪው ሲወድ ይሰጠዋል፤ ሲሰለች ወይም ሲቸግረው ይነፍገዋል። መብት ግን የባለቤቱ ነው። የልጅ ልብ ቢቀዘቅዝም መብት አብሮ አይቀዘቅዝም። በበዓል ቀን የእናቱን ጉልበት የሚስም ልጅ፣ በማግሥቱ የጡረታ ብሯን ተቀብሎ ስንት እንደሆነ ሳይነግራት ሊቀር ይችላል። ሐኪም ቤት ሲሄዱ የሕመሟ ነገር የሚነገረው ለእርሱ ነው፤ እርሷ በር ላይ ትጠብቃለች። ላሟን ልትሸጥ ወይም ክፍሏን ልታከራይ ብታስብ “አንቺ ዐርፈሽ ተቀመጪ” ትባላለች። ይህ ሁሉ በፍቅር ስም ይደረጋል። እናቲቱ ግን በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆናለች።

ከዚህ የከፋም አለ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከስድስት አረጋውያን አንዱ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ አንድ ዓይነት በደል ይደርስበታል። በደል ሲባል ዱላ ብቻ አይደለም። ስድብ፣ ማግለል፣ ገንዘብና ንብረት መንጠቅ፣ ምግብና መድኃኒት መንፈግ ሁሉ በደል ነው። የሚበድለው ብዙ ጊዜ የቅርብ ሰው በመሆኑ፣ አረጋዊው “ልጄን አላሳጣም” ብሎ በሆዱ ይይዘዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

በአፍሪካ ደረጃ የአረጋውያንን መብት የሚደነግገው ፕሮቶኮል የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ፣ ጥር 22 ቀን 2008 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ነው። ለመጽናት የ15 አገሮችን ማጽደቂያ ይጠብቅ ስለነበር፣ በሥራ ላይ የዋለው ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያም ካጸደቁት አገሮች አንዷ ናት። ሰነዱ አረጋዊ የሚለው 60 ዓመት የሞላውን ነው። በዕድሜ ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ፣ አረጋዊው ስለ ገዛ ጉዳዩ ራሱ እንዲወስን፣ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ንብረታቸውንና ውርሳቸውን እንዳይነጠቁ፣ በጥንቆላ እየተወነጀሉ የሚሳደዱት እንዲጠበቁ፣ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አያቶችም ድጋፍ እንዲያገኙ መንግሥታትን ግዴታ ያስገባል።

የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ፣ ለተቸገረና ሠርቶ ራሱን ማኖር ላልቻለ ወላጅ ልጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ቀለብ ማለትም እንጀራ ብቻ ሳይሆን መጠለያን፣ ልብስንና ሕክምናን ይጨምራል። ወላጅን መጦር እንግዲህ ልጅ ሲመቸው የሚሠራው ጽድቅ አይደለም፤ በፍርድ ቤት ሊጠየቅበት የሚችል ዕዳ ነው።

“ጡረታ” የሚለው ቃል ራሱ የወጣው “መጦር” ከሚለው ነው። ልጅ ለወላጁ የሚያደርገውን መንግሥት ለሠራተኛው ሲያደርግ በዚያው ቃል ጠራነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሽፋን ያገኙት በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲሆን፣ ይህም በ2014 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ተተክቷል። ዕድሜ ልኩን ያረሰ ገበሬ፣ ጠላ ጠምቃ ልጆች ያሳደገች እናት፣ ድንጋይ የተሸከመ የቀን ሠራተኛ ግን መዋጮ የሚከፍልላቸው አሠሪ ስላልነበራቸው ጡረታ የላቸውም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በሚደርስባቸው ወረዳዎች፣ ለሥራ አቅም የሌላቸው ድሆች አረጋውያን ያለ ሥራ ግዴታ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ። ይህ ላልደረሰው የቀረለት ልጁና ጎረቤቱ ነው።

በዚህ ረገድ በየቤቱ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ኑዛዜና ስጦታ አንድ አይደሉም። ኑዛዜ የሚጸናው ተናዛዡ ከሞተ በኋላ ነው፤ በሕይወት ሳለ በፈለገው ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ስጦታ ግን በሕግ ከተፈጸመ ንብረቱ በቁም ከእጅ ይወጣል፤ ማስመለሱም ቀላል አይደለም። ቤቱን ለልጁ አዛውሮ ጓዳው ውስጥ እንደ ጥገኛ የሚኖር አባት፣ ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የነገረው ሰው አልነበረም። ስለዚህ አረጋዊው አውራ ጣቱን ከማሳረፉ በፊት ወረቀቱ ሊነበብለት፣ ከጉዳዩ ጥቅም የሌለው የሚያምነው ሰውም አጠገቡ ሊኖር ይገባል።

የኢየሩሳሌም መበለቶች

ይህ ሐሳብ ለክርስቲያን ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው፣ በየዕለቱ እርዳታ ሲታደል የአንዳንዶቹ መበለቶች ተረስተዋል የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት ያጉረመረሙትን አልገሠጹም። ምእመናኑን ደግ ሁኑ ብለው መክረው ብቻም አላሰናበቱም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አድርገው ሥራውን በኀላፊነት ሰጧቸው። የመበለቶቹ እንጀራ ከዚያ በኋላ በአዳዩ ማስታወስና መርሳት ላይ አልተንጠለጠለም። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በላከው የመጀመሪያ መልእክት በመዝገብ ስለምትጻፍ መበለት ሲያወሳ የ60 ዓመትን ዕድሜ ይጠቅሳል፤ ልጆችና የልጅ ልጆችም ለወላጆቻቸው ብድራትን መመለስ እንዲማሩ ያዛል።

ጌታችን በዕፀ መስቀሉ ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ መስጠቱንም በዚህ በዓል እናስባለን። እመቤታችን ከዚያ ቀን ጀምራ በዮሐንስ ቤት የኖረችው፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ 15 ዓመት ነው። አደራው የአንድ ቀን ጥየቃ አልነበረም።

ዕድር በቁም

በሠፈራችን አንድ አረጋዊ ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ለዐርባውና ለተዝካሩ ገንዘብ ይወጣል። ያው ሰው ግን በሕይወት ሳለ የደም ግፊት መድኃኒቱን መግዣ አጥቶ ከርሞ ሊሆን ይችላል። “ጧሪ ቀባሪ” የሚለው አነጋገራችን ጧሪውን አስቀድሟል፤ በተግባር ግን ቀባሪው በዝቶ ጧሪው አንሷል።

ይህን ተገንዝበው አረጋውያን አባሎቻቸውን በቁም መርዳት የጀመሩ ዕድሮች መኖራቸው የሚያስደስት ነው። አቶ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረቱት መቄዶንያም ጧሪ ያጡ በሺህ የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ሆኗል። ለዚህ ሥራ እጁን የዘረጋ ሁሉ ይመሰገናል። ሆኖም በጎ አድራጊ በመኖሩ የልጅና የመንግሥት ዕዳ ተከፈለ ማለት አይደለም።

በዓለም ደረጃ ለሕፃናት፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች የወጣው ዓይነት አስገዳጅ ስምምነት ለአረጋውያን ገና አልወጣም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ይህንኑ የሚያረቅ የመንግሥታት የሥራ ቡድን እንዲቋቋም የወሰነው መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የሰነዱ ሥራ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። በየቤታችን ያለው ሥራ ግን የጄኔቫን ውሳኔ አይጠብቅም።

ክቡራን አንባብያን፣ ደመራው ነድዶ ዐመዱን በግንባራችን ከቀባን በኋላ ወደ ወላጆቻችን፣ ወደ አያቶቻችንና ወደ ብቸኛ ጎረቤቶቻችን እንሄዳለን። ከእጅ መንሻው ጋር ጥያቄም ይዘን እንሂድ። ጡረታው በእጃቸው መግባቱን፣ ሐኪሙ ምን እንዳላቸው፣ ስለ ቤታቸውና ስለ ንብረታቸው ምን እንደሚሹ እንጠይቃቸው። ተቀምጠንም መልሳቸውን እስከ መጨረሻው እናዳምጥ። በኅዳርና በታኅሣሥም፣ በዓል በሌለበት ተራ ቀን፣ ደጃቸውን እናንኳኳ።

መልካም የመስቀል በዓል!