የውሻ ጥርስ የጅብ አይደለም

ከብት ተራ በሬ የሚገዛ ገበሬ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። እዚህ ገርጂ ግን አሥር ዓመት ግቢ የጠበቀ ውሻ አንድ ቀን እንኳ አፉን ሳይታይ ይሞታል። የእንስሳት ሐኪም ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት እንደዚህ ያሳዘነኝ ነገር ጥቂት ነው።

የጥርስ ሕመሙ መነሻ ቀላል ነው። ያደገ ውሻ 42፣ ያደገች ድመት 30 ጥርስ አላቸው። ጥርስ ላይ የሚያድረው ቆሻሻ በጥቂት ቀናት ደርቆ ቢጫ ቅርፊት ይሆናል፤ ድዱ ይቆጣል፣ አፉ ይሸታል። “የውሻ አፍ ድሮም ይሸታል” እያላችሁ አትለፉት፤ ሽታው ሕመም ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የአጥንት ነገር ነው። ሰው ሁሉ “አጥንት ሲግጥ ጥርሱ ይጸዳል” ይላል። መብራት ኃይል አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት “ዶክተርዬ፣ የውሻዬ ዓይን ሊጠፋ ነው፣ ድረስልኝ” ብለው ጠሩኝ። ከግራ ዓይኑ ሥር አብጧል። ዘበኛው የዓይን ቅባት ሲቀባው ከርሟል፤ እብጠቱ ይፈርጣል፣ ይደርቃል፣ መልሶ ያብጣል። ዓይኑ ግን ጤነኛ ነበር። የላይኛውን ከንፈሩን ስገልጠው ትልቁ መንጋጋ ጥርስ ከጎኑ ተገምሶ ውስጡ ጠቁሯል። ይህ ጥርስ ሦስት ሥር አለው፤ ሥሮቹ የሚያርፉት ከዓይን በታች ነው፤ መግሉም መውጫ ያገኘው በዚያ ነው።

“እማማ፣ ምን ይበላል?” አልኳቸው።

“ከሥጋ ቤት ቅልጥም አመጣለታለሁ፤ አላስርበውም!”

በፍቅር ነው የሰበሩት። የጅብ ጥርስ ወፍራም ነው፣ አጥንት ለማድቀቅ የተሠራ። የውሻ መንጋጋ ግን እንደ መቀስ ሥጋ የሚቆርጥ ስለት ነው፤ ላዩን የሸፈነው ጠንካራ ልባስ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። አጥንቱን በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ተጫኑት፤ ጥፍሩ ምልክት ካልተወበት ለጥርሱም አይሆንም። የተቀቀለው ደግሞ ይሰነጠርና አንጀት ይወጋል።

ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ምግብ ከአፏ ከጣለች፣ በአንድ በኩል ብቻ ካኘከች፣ ለሐኪም አሳዩዋት።

ቅርፊቱን በቢላዋ የምትፍቁ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። የሚያመው ከድዱ በታች ያለው ነው፤ እሱ የሚጠረገው በሐኪም እጅ፣ በሙሉ ማደንዘዣ ነው። ቤት ውስጥ በለስላሳ የሕፃን ብሩሽና በውኃ መቦረሽ ይበቃል። የእኛን የጥርስ ሳሙና አትስጡት፤ ውሻ አይተፋውም፣ ፍሎራይዱን ይውጠዋል። አንዳንዱ ሳሙና ያለበት ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ደግሞ የደሙን ስኳር አውርዶ ሊገድለው ይችላል።

የእማማ ውሻ ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ እብጠቱ አልተመለሰም። እናንተም የውሻችሁ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተሟላ ከሆነ፣ ዛሬ እራቱን ከመስጠታችሁ በፊት የላይኛውን ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ትልቁን መንጋጋ እዩለት።