ቡና ጉልበት አይሰጥም፤ የድካምን መልእክት ያግዳል

ቦንጋ ላይ አቦል የቀረበለትም፣ አዲስ አበባ ማኪያቶውን ቆሞ የሚጠጣውም አንድ ነገር ይላሉ፦ ቡና ያበረታል። የአረቢካ ቡና በዱር በሚበቅልበት በከፋ ምድር ይህን መቃወም ድፍረት ይመስል ይሆናል። ሆኖም በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ጉልበት አይጨምርልንም፤ ድካማችን እንዳይሰማን ያደርጋል እንጂ። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ፤ ማስረጃውም በምስል የተቀመጠ ነው።

አንጎል ሲሠራ በዋለ ቁጥር፣ ሴሎች ጉልበት የሚያገኙበት ኤቲፒ የተባለው ሞለኪውል እየፈረሰ አዴኖሲን ይጠራቀማል። አዴኖሲን በነርቭ ሴል ሽፋን ላይ ከተተከሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ጋር ሲጣበቅ «ደክሟል፣ ይረፍ» የሚል መልእክት ወደ ውስጥ ይገባል። ከእነዚህ ተቀባዮች አንዱ ኤቱኤ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 እንግሊዝ አገር የሚገኘው የሄፕታሬስ ኩባንያ ተመራማሪዎች ይህን ፕሮቲን ካፌይን እንደያዘ ክሪስታል አድርገው፣ በኤክስሬይ የአተሞቹን አቀማመጥ አወጡ። በዚያው ዓመት ተቀባዩን ከራሱ ከአዴኖሲን ጋር የሚያሳይ ምስልም ታተመ። ቁም ነገሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው ይወጣል። ካፌይን የተቀመጠው አዴኖሲን በሚቀመጥባት በዚያችው ጎድጓዳ ቦታ ነው፤ ባለ ሁለት ቀለበት አካላቸው ይመሳሰላልና። አዴኖሲን ግን ራይቦዝ የሚባል የስኳር ክፍል አለው። ያ ክፍል ወደ ጉድጓዱ ሥር ዘልቆ ፕሮቲኑን ይስባል፣ ቅርጹን ያስለውጣል፤ መልእክቱ የሚተላለፈውም በዚህ ነው። ካፌይን ይህ ክፍል የለውም። የሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንዲት ቃል እንደማይናገር እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ ቆሞ ይቀራል። አዴኖሲኑ ግን መጠራቀሙን አላቆመም፤ ካፌይኑ ሲያልቅ ድካሙ በአንዴ የሚጫነን ለዚህ ነው።

«ክሪስታል ውስጥ የታሰረ ፕሮቲንን ከሕያው አንጎል ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። ፕሮቲኑ እንዳይፈርስ ተመራማሪዎቹ አንዳንድ አሚኖ አሲዶቹን ቀይረዋል፤ የ2011ዱ ምስልም 3.6 አንግስትሮም በመሆኑ ደብዛዛ ነው። በእሱ ብቻ መፍረድ አይገባም። ነገር ግን በ2017 በተሻለ የ2.1 አንግስትሮም ጥራት የወጣው ምስልም ካፌይንን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አገኘው። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ግን ክሪስታል ያልገባበት ማስረጃ ነው፦ በ2005 የታተመ ጥናት፣ ኤቱኤ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች ካፌይን ቢሰጣቸውም እንቅልፋቸው እንደማይቀንስ አሳይቷል። «እኔ ግን እውነተኛ ብርታት ይሰማኛል» ለሚልም፣ ስሜቱ እውነት ነው። ኤቱኤ በብዛት ያለው እንቅስቃሴንና ተነሳሽነትን በሚመራ የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ እዚያ ዶፓሚን የሚባለውን የነርቭ መልእክተኛ ሥራ ይገታል። ካፌይን ይህን ገቺ ሲያግድ ዶፓሚን ይበረታል። የተለቀቀው አቅም ግን ድሮም የራሳችን ነው።

ይህ ለከፋ ምን ይረባል? የከፋ ሰው ቡና እንቅልፍ እንደሚያባርር ያወቀው ያለ ላቦራቶሪ ነው፤ ያ ዕውቀት ከክሪስታሉ አያንስም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ስለመዘገበው የከፋ ደን ስንናገር፣ ከቡናው ዋጋ አልፈን በፍሬው ውስጥ ስላለው ኬሚስትሪም ማውራት አለብን። ቦንጋ ባለው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የኤቱኤ ምስል ከጀበናው አጠገብ ቢሰቀል ቦታው ነው። ምክንያቱም ያቺ ጉድጓድ ዛሬ የመድኃኒት ዒላማ ናት፦ ጃፓን በ2013፣ አሜሪካ በ2019 ለፓርኪንሰን ሕሙማን የፈቀዱት ኢስትራዴፊሊን የሚያግደው ይህንኑ ተቀባይ ነው። መድኃኒቱ የተሠራው በላቦራቶሪ ቢሆንም፣ የሞለኪውሉ አጥንት የካፌይን አጥንት ነው።