ዋናው የቱ ነው? ስለ ላቲን ሸክላዎችና ስለ እትሞቻቸው

ባለፈው መስከረም በአንድ መኝታ ክፍል የምንኖር አምስት ተማሪዎች ከኪስ ገንዘባችን አዋጥተን አንድ ሸክላ ገዛን። ሸክላው የጆ ኩባ ሴክስቴት በ1966 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ከተማ፣ ቲኮ በሚባለው አሳታሚ በኩል ያወጣው፣ «ባንግ ባንግ» የተባለው ዘፈን የሚገኝበት ነው። ሻጩ «ይህ ዋናው ነው፤ የመጀመሪያው እትም ነው» ብሎ በእናቱ ስም ስለ ማለልን፣ ለተራ እትም ከሚጠየቀው አራት እጥፍ ከፍለን፣ ሸክላውን እንደ አራስ ልጅ አቅፈን ወደ ግቢ ተመለስን። ከአምስታችን አንዱ ያዋጣው ለመጽሐፍ መግዣ ከቤቱ የተላከለትን ገንዘብ እንደ ነበረ ያወቅነው በኋላ ነው።

ደስታችን የቆየው ሦስት ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ማታ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪ የሆነ አንድ ወዳጃችን መጣና ሸክላውን ከማኅደሩ አውጥቶ በመብራት ሥር አገላብጦ አየው። ቀጥሎም በመካከሉ በተለጠፈው ክብ ወረቀት ጠርዝ ላይ በጣቱ እያመለከተ፣ «ይህች በክብ ውስጥ የተጻፈች ፒ የምትባል የላቲን ፊደል ምን ትሠራለች?» አለን። ከመካከላችን ያስተዋላት አልነበረም። በአሜሪካ አገር የተቀረጸ ድምፅ በፌደራል የባለቤትነት ሕግ መጠበቅ የጀመረው ከየካቲት 15 ቀን 1972 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ይህችም ምልክት በአሜሪካ ሸክላዎች ላይ መታተም የጀመረችው ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ነው። በ1966 የታተመ ሸክላ ገና ስድስት ዓመት ቆይቶ የሚመጣ ምልክት ሊሸከም አይችልም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይሏል ይህ ነው።

በዚህ ግቢ ውስጥ አሮጌ ሸክላ የሚሰበስቡ፣ በተለይም ማምቦና ቻቻቻ፣ ቡጋሉና ሳልሳ የሚወዱ ጓደኞቻችን ቁጥራቸው ጥቂት አለመሆኑን እናውቃለን። ከእኛ ስሕተት ሌላው ይማር ዘንድ፣ ከዚያች ማታ ወዲህ አንብበንና ጠይቀን የደረስንበትን እነሆ ጽፈናል።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ እትም ከእትም ለምን እንደሚለይ ለመረዳት ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሙዚቃው አስቀድሞ በቴፕ ይቀረጻል። ቀጥሎ ቴፑ እየተጫወተ፣ ላከር በሚባል ለስላሳ ቅብ በተሸፈነ የአሉሚኒየም ዝርግ ላይ አንድ ስለታም መቅረጫ ቦዩን ይቆፍራል። ላከሩ በብርና በኒኬል ተለብጦ ልባሱ ሲላቀቅ፣ ቦዩ እንደ ሸንተረር ወደ ውጭ የወጣበት የብረት ግልባጭ ይገኛል። ከዚህ ግልባጭ ባለሙያዎቹ «እናት» የሚሏት ትሠራለች፤ ከእናቲቱም ማተሚያው ቅርጽ ይወለዳል። ማተሚያው በሙቀት የለሰለሰውን ቪኒል ሲጫነው ሸክላው ይወጣል። ማተሚያው ግን ይደክማል፤ ስለዚህ በሌላ ይተካል። ሥራው ለዓመታት የቀጠለ እንደ ሆነም ሌላ ላከር እንደ ገና ይቀረጻል። ሌላ ላከር ማለት ሌላ ቀን፣ ሌላ መሣሪያና ሌላ ጆሮ ያለው ባለሙያ ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜም መነሻው ዋናው ቴፕ መሆኑ ቀርቶ የቴፑ ቅጂ፣ አልፎ ተርፎም የቅጂው ቅጂ ይሆናል። የመጀመሪያውን እትም የምንፈልገው እንግዲህ ለጉራ ብቻ አይደለም (ለጉራም መሆኑን አንክድም)፤ ሙዚቀኞቹ ለተጫወቱበት ሌሊት ይበልጥ የቀረበውን ለመስማት ነው።

ሁለተኛው ችግር ከአሳታሚዎቹ ታሪክ የሚመጣ ነው። ቲኮን በ1948 ያቋቋመው ጆርጅ ጎልድነር ነው። አሌግሬ የተባለውን አል ሳንቲያጎ በ1956፣ ፋኒያን ደግሞ ዋሽንት ነፊው ጆኒ ፓቼኮና ጠበቃው ጄሪ ማሱቺ በ1964 መሠረቱ። በ1970ዎቹ ዓመታት ፋኒያ ቲኮንም አሌግሬንም ጠቅልሎ ያዘና የድሮ ሥራዎቻቸውን እንደ ገና ያሳትም ጀመር። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የማኅደሩ ሥዕል ያው ነው፤ የዝርዝር ቁጥሩም ያው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቁጥሩ ከመጽሐፉ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ነው» የሚል ክርክር እኛም በዚያች ማታ አቅርበን ነበር። ነገር ግን ቁጥሩ የሥራው መታወቂያ እንጂ የእትሙ መታወቂያ አይደለም። ዳዊት መቶ ጊዜ ቢታተም መዝሙሮቹ መቶ ኀምሳ እንደ ሆኑ መቅረታቸውን ማሰብ ይበቃል።

ታዲያ ምን እንይ? ከሁሉ የሚቀለው በማኅደሩ ጀርባ የተጻፈው አድራሻ ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ባለ አምስት አሐዙን ቁጥር ሥራ ላይ ያዋለው በሐምሌ ወር 1963 ነው። ከዚያ በፊት ከከተማው ስም ቀጥሎ የሚጻፈው «ኒውዮርክ 19» እንደሚለው ያለ አንድ ወይም ሁለት አሐዝ ብቻ ነበር። ስለዚህ የ1958 ሥራ ነው የተባለ ሸክላ ባለ አምስት አሐዝ አድራሻ ይዞ ቢገኝ፣ ቢያንስ ማኅደሩ ከ1963 በፊት አልታተመም። (የእኛው የጆ ኩባ ሸክላ በዚህ በኩል ነጻ ነበር፤ 1966 ከ1963 በኋላ ስለ ሆነ አምስቱ አሐዞች አይከስሱትም፣ አይመሰክሩለትምም።) ማኅደሩና ሸክላው የተለያየ ዘመን ሊኖራቸው እንደሚችል ግን አይዘንጋ። አሮጌ ማኅደር ውስጥ አዲስ ሸክላ መክተት ለሻጭ የደቂቃ ሥራ ነው። በማኅደሩ ጀርባ ያ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለበት የዋጋ መለያ ካለ ደግሞ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ይህ ምልክት በሱቅ ሥራ የጀመረው በ1974 ሲሆን በሸክላ ማኅደር ላይ የተለመደውም ከዚያ በኋላ ነው።

ክቡ ወረቀት ራሱ ብዙ ይናገራል። ለምሳሌ ቲቶ ፑዌንቴ በ1958 በአርሲኤ ቪክተር በኩል ያወጣውን «ዳንስ ማኒያ» እንውሰድ። የዚያን ዘመን ወረቀት ጥቁር ሆኖ ከላይ በኩል ግራሞፎን የሚያዳምጠው ውሻ ተቀምጦበታል። ኩባንያው በ1968 መጨረሻ ገደማ ወረቀቱን ወደ ብርቱካን ቀለም ለወጠውና ውሻውን አሰናበተው። እንግዲህ ብርቱካንማ ወረቀት ያለው «ዳንስ ማኒያ» ቢያንስ አሥር ዓመት ዘግይቶ የታተመ ነው። ውሻው በ1976 ስለ ተመለሰም የእሱ መኖር ብቻውን አያስተማምንም፤ የተመለሰው ግን ወደ ድሮ ቦታው ሳይሆን ወደ ቀኝ ጥግ ነው።

የሞኖና የስቴሪዮ ነገርም አለ። የስቴሪዮ ሸክላ ለገበያ የቀረበው በ1958 ሲሆን እስከ 1968 ገደማ ድረስ የአሜሪካ አሳታሚዎች አንዱን ሥራ በሁለቱም ዓይነት ያወጡ ነበር። በቲኮና በፋኒያ ሸክላዎች ከቁጥሩ በፊት «ኤል ፒ» ካለ ሞኖ፣ «ኤስ ኤል ፒ» ካለ ስቴሪዮ ነው። ሞኖ ከገበያ ከወጣ በኋላ ግን የቀድሞዎቹን የሞኖ ቅጂዎች በኤሌክትሮኒክ ዘዴ «ስቴሪዮ አስመስሎ» መሸጥ መጣ። ይህም ማለት ጎርናናውን ድምፅ ወደ አንድ ጆሮ፣ ቀጭኑን ወደ ሌላው ገፍቶ በጥቂት ማስተጋባት ማደባለቅ ነው። ኮንጋውና ባሱ ተቃቅፈው መሄድ በሚገባቸው ሙዚቃ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መፈጸም ባልና ሚስትን በሁለት ክፍል ማስተኛት ነው እንላለን። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቀረጸ ሥራ «ስቴሪዮ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ካያችሁ አትግዙ።

ከምልክቶች ሁሉ እኛ አብልጠን የምናምነው ማንም የማይመለከተውን ነው። የመጨረሻው ዘፈን ካለቀበት አንሥቶ እስከ ክቡ ወረቀት ድረስ አንድ ለስላሳ ባዶ ቀለበት አለ። በዚያ ላይ ላከሩን የቀረጸው ባለሙያ በእጁ የጫረው፣ ወይም ማተሚያ ቤቱ በመሣሪያ የመታው ቁጥርና ፊደል ይገኛል። ሸክላውን በአግድም ይዞ ብርሃኑን ከጎን እንዲያርፍበት ማድረግ፣ አጉሊ መነጽር ካለም መጠቀም ነው። ቁጥሩ ከክቡ ወረቀት ቁጥር ጋር ይመሳሰል እንደ ሆነ፣ የድሮው ተሰርዞ አዲስ ተጽፎ እንደ ሆነ፣ የፊተኛው ገጽ የእጅ ጽሕፈት ከኋለኛው ጋር አንድ መሆን አለመሆኑ ሁሉ መታየት አለበት። ወረቀት ሊቀየር ይችላል፤ ማኅደርም ሊቀየር ይችላል፤ ይህ ግን ከራሱ ከድምፁ ቦይ ጋር አብሮ የታተመ ስለ ሆነ ሊቀየር አይችልም። በኮሎምቢያ ጠረፍ በባራንኪያና በካርታኼና «ፒኮ» የሚባሉ ግዙፍ የድምፅ መሣሪያዎች ባለቤቶች ተፎካካሪ ዘፈኑን ለይቶ እንዳያገኘው ክቡን ወረቀት ይፍቁ፣ ማኅደሩንም ይደብቁ ነበር። ከእነዚያ እጅ የወጣ ሸክላ ማንነቱን የሚናገረው በዚህ ጭረት ብቻ ነው። (በዚያው አገር በካሊ ከተማ ደግሞ ጨፋሪዎቹ የኒውዮርኩ ቡጋሉ ስለ ዘገየባቸው፣ የሠላሳ ሦስቱን ሸክላ በአርባ አምስት ፍጥነት ያጫውቱት ነበር። ሞክረነዋል፤ ወለሉ አልቻለንም።)

ክብደትን በሚመለከት የሚወራው አብዛኛው አያስኬድም። «ከባድ ከሆነ የድሮ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ የ1950ዎቹ ሸክላ ወፍራም ነው፤ ከ1973ቱ የነዳጅ ችግር በኋላም ቪኒል ስለ ተወደደ ብዙው ሳስቷል። ነገር ግን የዛሬዎቹ አሳታሚዎች ዳግም እትማቸውን ሆን ብለው 180 ግራም አድርገው ያወጣሉ። በሚዛን የሚገዛ ሰው እንግዲህ ከሁሉ አዲሱን ይገዛል ማለት ነው።

የሃቫና ሸክላዎች ነገር ለብቻው መነገር ይገባዋል፤ እዚያ ላይ እትምን መለየት የአገር ታሪክን መለየት ነው። ራሞን ሳባት በ1940ዎቹ ያቋቋመው ፓናርት የኩባ ትልቁ አሳታሚ ነበር። ባስ ተጫዋቹ እስራኤል ሎፔዝ፣ በቅጽል ስሙ ካቻኦ፣ በ1957 ጓደኞቹን ከየጭፈራ ቤቱ ሥራቸው በኋላ በሌሊት ሰብስቦ ያስቀረጸው ዝነኛ የ«ዴስካርጋ» ሸክላ የወጣው በዚሁ ነው። በ1961 የአብዮቱ መንግሥት ፓናርትን ወረሰ፤ በ1964 ኤግሬም የሚባለው የመንግሥት ድርጅት ተቋቋመ። ሳባት ወደ አሜሪካ ተሰደደና የፓናርት ስም በዚያም ቀጠለ። ስለዚህ አንዱ ሙዚቃ ሁለት ወላጅ አለው፤ በስፓኒሽ «በኩባ የተሠራ» የሚል የ1950ዎቹ ፓናርትና «በአሜሪካ የተሠራ» የሚል የስደት ፓናርት። ሁለተኛውን ከፊተኛው አሳንሶ ማየት ይገባል ወይ? በክፍላችን እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተከራክረንበት አልተስማማንም። ግማሾቻችን የመጀመሪያው ብቻ ነው ዋና ስንል፣ ግማሾቻችን ባለቤቱ ራሱ ተሰዶ ያሳተመውን ሐሰተኛ ማለት አግባብ አይደለም አልን። በኮሎምቢያና በቬኔዝዌላ በፈቃድ ስለ ታተሙት የፋኒያ ሸክላዎችም ያው ክርክር ይነሣል። ሕጋዊ ናቸው፤ ለኒውዮርኩ ግን ምትክ አይሆኑም።

ከአገራችን ጋር የሚያገናኘው ክር አንድ ነው፤ እሱም ጠንካራ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በኒውዮርክ ሳለ ከፖርቶ ሪኮ ልጆች ጋር ሆኖ «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» በሚል ስም «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉ ሁለት ሸክላዎችን በ1966 አሳትሟል። አሳታሚው ዎርዚ የሚባል ትንሽ ድርጅት ነበር። «አይፈራም ጋሜ» በስፓኒሽ የተዘፈነው በዚያ ላይ ነው። የዎርዚውን የመጀመሪያ እትም በተማሪ ኪስ መግዛት አይታሰብም። ሆኖም ስትራት የተባለው የለንደን አሳታሚ ሁለቱንም በ2018 ስሙንና ዘመኑን በግልጽ ጽፎ እንደ ገና አውጥቷቸዋል። እንዲህ ያለውን ዳግም እትም አንንቅም፤ ሙላቱን በሸክላ የሰማነው በእሱ ነው። የምንቃወመው ዳግም መታተምን ሳይሆን፣ ዳግም የታተመውን በመጀመሪያው ዋጋ መሸጥን ነው።

የኛን ሸክላ በሚመለከት፣ በማግሥቱ ወደ ሻጩ ተመልሰን ነበር። የተሸጠ አይመለስም አለን። በክብ ውስጥ ያለችውን ፊደል ብናሳየው «የፋብሪካው ምልክት ናት» አለና ሌላ ደንበኛ ለማስተናገድ ዞረ። ከአምስታችን አራቱ ተጨማሪ አዋጥተን የመጽሐፍ ገንዘቡን ለጓደኛችን መልሰንለታል፤ ድርሻው ግን አልተነካም። ቅዳሜ ማታ ከራት በኋላ እናጫውተዋለን። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ቦታ መርፌው ይዘላል፤ እዚያ ሲደርስ አንዳችን በትንሽ ጣታችን እናሻግረዋለን።