ስለ ሶሌኖይድና ስለ ዕለታዊ ጥቅሙ

ለመስቀል ወደ አገና ሄደን ልንመለስ በተነሣንበት ማለዳ፣ የተሳፈርንበት ሚኒባስ አልነሣም አለ። ሾፌሩ ቁልፉን ባዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ «ቀጭ» ይላል፤ ከዚያ ዝም ነው። በዚህ ጊዜ ረዳቱ ካቻቪቴ ይዞ ከመኪናው ሥር ገባ። ከመካከላችን ፊዚክስ የተማርን ብንኖርም ድምፁ ምን እንደሆነ የተናገረ አልነበረም። ይህ ስላሳፈረን፣ መርምረን ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን እናካፍላለን።

ሶሌኖይድ ማለት በቧንቧ ቅርጽ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው። ስሙም ከግሪክ የመጣ ሲሆን ቧንቧ መሰል ማለት ነው። የዴንማርኩ ሊቅ ኧርስቴድ በ1820 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አስታወቀ። የአንድ ሽቦ ጉልበት ጥቂት ነው፤ ብዙ ዙር ሲጠቀለል ግን የየዙሩ ኃይል ተደምሮ የብረት ዘንግ ወደ ውስጥ ይስባል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሞላ ዘንጉን ይመልሰዋል።

የበር ደወል የሚጮኸው ይኸው ዘንግ ብረት ሲመታ ነው። በልብስ ማጠቢያ መኪናም የውሃውን መግቢያ የሚከፍተው እርሱ ነው።

በአውቶሞቢል ግን ሥራው ድርብ ነው። ሞተሪኖው ከ100 አምፔር በላይ ሊፈልግ ይችላል፤ ይህ ሁሉ በቁልፉ ቀጭን ሽቦ ቢያልፍ ሽቦው ይቃጠላል። ስለዚህ ቁልፉ ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ ወደ ሶሌኖይዱ ይልካል። ዘንጉ ሲሳብ የሞተሪኖውን ጥርስ ከሞተሩ ጥርሳም መንኰራኵር ጋር ያጋጥማል፤ ወዲያውም የባትሪውን ወፍራም መስመር ያገናኛል።

እንግዲህ ድምፁ ራሱ ምልክት ነው። ምንም ካልተሰማ ኤሌክትሪኩ ከሶሌኖይዱ አልደረሰ ይሆናል። «ቀጭ ቀጭ» እያለ ከተከታተለ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም የባትሪው ጫፍ ላልቷል። አንድ ጊዜ ብሎ ዝም ካለ፣ ባትሪው ደኅና እስከ ሆነ ድረስ፣ የውስጡ መገናኛ ተቃጥሎ ወይም ሞተሪኖው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ጫፉን ጠርጎ በማጥበቅ ፈንታ አዲስ ሞተሪኖ ይገዛል።

የገንዘቡስ ይሁን። በዚያ ማለዳ ሾፌሩ ቁልፉን እንደ ያዘ ረዳቱ ሁለቱን ወፍራም ጫፎች በካቻቪቴው አገናኘ። መኪናው ዳገት ላይ በማርሽ እንደ ቆመ ነበርና ድንገት ወደ ፊት ዘለለ። ጎማው ከረዳቱ ትከሻ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ልጁ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና ሣቀ፤ እኛ ግን መሣቅ አልቻልንም።

ማርሹን አውጡ፣ ጎማውን በድንጋይ አግዱ፣ ከሥሩ አትግቡ ብሎ ለመናገር ዲግሪ አያስፈልግም። የተማርነውን ከደብተራችን አውጥተን ለረዳቱ ካልነገርነው ግን ለማን ልንነግረው ነው?