አንድ የሥራ ሳምንት በእህል ማከማቻ ግንብ

እህል ከተመረተ በኋላ ከእርጥበት፣ ከነቀዝና ከአይጥ ተጠብቆ መቀመጥ ይኖርበታል። ለዚህም ሲባል የአገራችን ገበሬ ጎተራ ሠርቶ እህሉን ያኖራል። እንደ አሜሪካ ባሉ ስንዴ በብዛት በሚመረትባቸው አገሮች ደግሞ ከአርማታ ወይም ከብረት የተሠሩ፣ ከሩቅ የሚታዩ ታላላቅ የእህል ማከማቻ ግንቦች አሉ። እነዚህ ግንቦች «ኤሌቬተር» ይባላሉ፤ ትርጉሙም «ወደ ላይ የሚያነሣ» ማለት ነው። ይህን ስም ያገኙት እህሉ በሰው ጀርባ ሳይሆን ባልዲዎች በተደረደሩበት ቺንጋ አማካይነት ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው። በእንፋሎት ኀይል የሚሠራውን የመጀመሪያውን ኤሌቬተር እ.ኤ.አ. በ1842 በቡፋሎ ከተማ ያሠራው ጆሴፍ ዳርት የተባለ ነጋዴ ሲሆን፣ መሐንዲሱ ሮበርት ደንባር ነበር። ከዚያ በፊት እህሉን ከመርከብ እየተሸከሙ የሚያራግፉት የቀን ሠራተኞች ነበሩ።

ካንሳስ በተባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ስንዴ በመስከረም ገደማ ተዘርቶ በሰኔ ወር ይታጨዳል። ይህም ወቅት ኮሌጆች የሚዘጉበት ስለሆነ፣ የእርሻ ትምህርት ተማሪዎች ወደ ማከማቻ ግንቦቹ ለተግባር ልምምድ ይሄዳሉ። ከግንቦቹም ብዙዎቹ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ንብረት ናቸው። የአንድ ተለማማጅ የመጀመሪያ የሥራ ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ቀጥሎ የተገለጸውን ይመስላል።

ሰኞ ጠዋት ተማሪው ስለ ታላላቅ መኪናዎች ለመማር ጓጉቶ ይደርሳል። ይሁን እንጂ በእጁ የሚሰጠው መጥረጊያ ነው። በወለሉ፣ በደረጃውና በመኪናዎቹ ዙሪያ የተኛውን የእህል ብናኝ ሲጠርግ ይውላል። ማታ ሲጨርስ ልብሱ ነጭ ሆኗል፤ በልቡም «ኮሌጅ የገባሁት ለዚህ ነውን?» ሳይል አይቀርም።

ማክሰኞ ወደ ሚዛኑ ይወሰዳል። የገበሬው የጭነት መኪና በመጀመሪያ ከነጭነቱ፣ እህሉን ካራገፈ በኋላም ባዶውን ይመዘናል፤ የሁለቱም ልዩነት የእህሉ ክብደት ነው። ተለማማጁም ረጅም የብረት ቱቦ ከጭነቱ ውስጥ እየሰደደ ናሙና ያወጣል። ናሙናው ከልዩ ልዩ ቦታ፣ ከላይም ከታችም መወሰድ አለበት። ከላይ ብቻ ቢወሰድ የእህሉን እውነተኛ ጠባይ አያሳይም፤ ስለዚህም ወይ ገበሬው ወይም ማኅበሩ ይበደላል።

ረቡዕ ናሙናው እንዴት እንደሚመረመር ይማራል። ቡሼል በተባለው መስፈሪያ የተሰፈረ ስንዴ የአንደኛ ደረጃ ለማግኘት ቢያንስ 60 ፓውንድ፣ ማለትም 27 ኪሎ ግራም ያህል መመዘን ይኖርበታል። እርጥበቱም በመሣሪያ ይለካል። ስንዴ ለረጅም ጊዜ እንዲቀመጥ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል። እርጥበት የበዛበት እህል በክምሩ ውስጥ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ለነቀዝም ይመቻል። የገበሬው የዓመት ድካም ዋጋ በከፊል በዚህች እፍኝ ናሙና ስለሚወሰን፣ መርማሪው መቸኮልም ማዳላትም አይገባውም።

ሐሙስ ተለማማጁ የእህሉን መንገድ ይከተላል። ከመኪናው የተራገፈው ስንዴ በብረት ወንፊት አልፎ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል። ከዚያም የቺንጋው ባልዲዎች እየዘገኑ ወደ ግንቡ ራስ ያወጡታል፤ በቱቦም ተከፋፍሎ ወደየማከማቻው ይፈስሳል።

ዓርብ ስለ ማከማቻዎቹ ውስጥ ይነገረዋል። ከታች እህል እየተቀዳ ሳለ ከላይ በክምሩ ላይ የቆመ ሰው እንደ ውሃ ይሰምጣል፤ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜም ሙሉ በሙሉ ሊዋጥ ይችላል። እስከ ወገቡ የተቀበረውን እንኳ በእጅ ስቦ ማውጣት አይቻልም፤ በዙሪያው የብረት ጋሻ ተተክሎ እህሉ መቀዳት አለበት። በዚህም ምክንያት መኪናዎቹ ሳይጠፉና ማብሪያቸው ሳይቆለፍ፣ አየሩ ሳይመረመር፣ የደኅንነት ቀበቶና ገመድ ሳይታጠቁ፣ ከውጭም የሚከታተል ሰው ሳይኖር ማንም አይገባም።

ቅዳሜ ተማሪው እንደገና መጥረጊያውን ያነሣል። በዚህ ጊዜ ግን አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ምክንያቱን ያስረዳዋል። ተከምሮ የተቀመጠ ብናኝ እሳት ቢነካው ቀስ ብሎ ይነድዳል። በአየር ላይ የተበተነ ብናኝ ግን እያንዳንዱ ቅንጣት በአየር ስለሚከበብ በአንድ ጊዜ ይቀጣጠላል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሆነም ይፈነዳል። የጋለ ኩሺኔታ ወይም አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ለዚህ ትበቃለች። የመጀመሪያው ፍንዳታ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በወለልና በግድግዳ ላይ የተኛውን ብናኝ አራግፎ ወደ አየር ስለሚያነሣው ከእርሱ የከፋ ሁለተኛ ፍንዳታ ይከተላል። ብዙዎችን የሚገድለውም ይኸው ሁለተኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1977 በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት በደረሰ ፍንዳታ 36 ሰዎች ሞተዋል። ይህንና ሌሎች አደጋዎችን ተከትሎ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1987 የደኅንነት ደንብ አወጣ። ደንቡም ባልዲዎቹ እንደሚሽከረከሩበት ባሉ አሥጊ ቦታዎች የብናኙ ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር ጥቂት ሲያልፍ ወዲያውኑ እንዲወገድ ያዝዛል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በሰኔ 1998 በካንሳስ፣ በዊቺታ ከተማ አጠገብ፣ 7 ሠራተኞች በተመሳሳይ ፍንዳታ አልቀዋል። ደንብ በወረቀት ላይ መጻፉ ብቻ ሰውን አያድንም፤ በየዕለቱ የሚፈጽመው እጅ ያስፈልገዋል።

ተለማማጁ በሳምንቱ ውስጥ ስለ ሚዛን፣ ስለ እርጥበትና ስለ መኪናዎች ብዙ ተምሯል። ሰኞ የናቀው ሥራ የባልደረቦቹን ሕይወት የሚጠብቅ መሆኑን የተገነዘበው ግን ቅዳሜ ነው። በዚያኑ ዕለት ከደረጃው ሥርና ከማእዘኖቹ፣ ሰኞ ሳያያቸው ካለፋቸው ቦታዎች ሁሉ፣ ብናኙን ጠርጎ ያወጣል።