ሳይቆም የሚጫን ባቡር

በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት፣ ፓውደር ሪቨር በተባለው ተፋሰስ፣ ብላክ ተንደር የሚባል የድንጋይ ከሰል ማውጫ አለ። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ዋሻ ውስጥ የሚወርድ ሠራተኛ የለውም፤ አፈሩ ከላይ ይገፈፍና ውፍረቱ ከ20 ሜትር የሚበልጥ ጥቁር ንጣፍ ወለል ብሎ ይታያል። ስለ ማዕድን ሲወራ ሰው የሚያስበው ቁፋሮውን ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከቁፋሮው በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ ያን ሁሉ ከሰል እሳት ሳይነሳበትና በነፋስ ሳይበተን ባቡር ላይ ማውጣት።

ጉዞው የሚጀምረው በአንድ ምልልስ ከ200 ቶን በላይ በሚሸከም ገልባጭ መኪና ነው። መኪናው ጭነቱን ከመንገዱ በታች በተሠራ ትልቅ አፍ ውስጥ ይደፋል፤ ከሥሩ መሰባበሪያ ማሽን አለ። ቋጥኝ ሆኖ የገባው ከሰል በመጨረሻ ከ5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሆኖ ይወጣል። በሌሎች ብዙ ቦታዎች ከሰል ከዚህ በኋላ በውኃ ታጥቦ ከድንጋይ ይለያል። የፓውደር ሪቨር ከሰል ግን አመዱ ትንሽ ስለሆነ ሳይታጠብ ይላካል።

ከዚያ ወዲያ ተሸካሚው ቀበቶ ነው፤ በጨርቅ ወይም በብረት ሽቦ የተጠናከረ ወፍራም ጎማ፣ በሮለሮች ላይ የሚሽከረከር። የዳርና የዳሩ ሮለሮች ዘመም ተደርገው ስለሚተከሉ ቀበቶው መሃሉ ጎድጎድ ይላል፣ ከሰሉም ወደ ጎን አይፈስም። ከላይ የተንጠለጠለ ማግኔት ከቁፋሮ ማሽን የተሰበረ ጥርስም ሆነ የወደቀ ብሎን እየለቀመ ያወጣል። አንድ ሮለር ተጣብቆ መዞር ካቆመ ቀበቶው እየፈተገ ያግለዋል። ከሥሩ የከሰል ዱቄት ተጠራቅሞ ከቆየ ደግሞ እሳት ይነሳል። ስለዚህ ከቀበቶ ሥር የሚጠርግ ሠራተኛ የሰው ሕይወት እየጠበቀ ነው፤ ሥራው እንደ ተራ ጽዳት መታየት የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ማከማቸቱ ነው። ይህ ከሰል ከክብደቱ ከሩብ በላይ ውኃ የያዘ፣ ገና በደንብ ያልጠነከረ ዓይነት ነው። አየር ሲያገኝ ኦክስጅን ይስባል፤ ኦክስጅን ሲስብ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ከውስጥ ይነዳል። ሜዳ ላይ የሚከመረው በስስ በስሱ እየተነጠፈ በቡልዶዘር ይጠቀጠቃል፤ ዓላማው በመሃሉ አየር እንዳያልፍ ነው። ለባቡር የሚዘጋጀው ግን ሳይሎ በሚባለው ረጅም የኮንክሪት ቋት ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ቋት ከ10 ሺህ ቶን በላይ ሊይዝ ይችላል። ቋቱ የሚያስፈልገው ማውጫውና ባቡሩ አብረው ስለማይሄዱ ነው። መኪኖቹ ቀንና ሌሊት ይመላለሳሉ፣ ባቡሩ በመጣ ሰዓት ይመጣል። አስቸጋሪው ነገር ከሰሉ በመሃል እየፈሰሰ ሲወርድ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ነው። እሱ ሳይነካ ሲከርም ይግላል። አደጋውን ቀድሞ የሚናገረው ጭስ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለካ መሣሪያ ነው። እሳት መኖሩ ከታወቀ በኋላም በኃይለኛ የውኃ ግፊት መቀጥቀጥ አያዋጣም፤ የተነሳው ዱቄት ከአየር ጋር ተደባልቆ ሊፈነዳ ይችላል።

ባቡሩ ሲመጣ በቋቱ ሥር ያልፋል። ሐዲዱ ቀለበት ሠርቶ የተዘረጋ ስለሆነ ባዶ የገባው ባቡር ፉርጎዎቹ ሳይፈቱ ተጭኖ በመጣበት ይመለሳል። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ባቡር በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ ይጫናል እንጂ አይቆምም። ከላይ አንድ ሚዛን ያለው ቋት ለሚቀጥለው ፉርጎ የሚበቃውን 110 ቶን ያህል አስቀድሞ መዝኖ ይጠብቃል። ፉርጎው ከሥሩ ሲደርስ መዝጊያው በሃይድሮሊክ ይከፈታል፤ ከሰሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ የመውረጃው አፍ የተቆለለውን እያስተካከለ ያልፋል። ሲያንስ ጉዞው በከንቱ ይባክናል፣ ሲበዛ ሐዲዱ ይጎዳል፣ ወደ አንድ ጎን ሲያደላ ፉርጎው ኩርባ ላይ ያሰጋል። ብላክ ተንደር 13 ሺህ 600 ቶን የሚጭን ባቡር ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ መሙላት ይችላል። እንደዚህ ያለ ፍጥነት የሚገኘው ከኋላ ያለው ሁሉ ሳይዛነፍ ሲሠራ ብቻ ነው።

ፉርጎው ግን ክፍት ነው፤ ነፋሱ ዱቄቱን እያነሳ ሐዲዱ ላይ ይበትነዋል። ለዓመታት እንደ ቀላል ነገር ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 ከተፋሰሱ በሚወጣው ዋና መስመር ላይ በሁለት ተከታታይ ቀናት ሁለት ባቡሮች ከሐዲድ ወጡ። ከሐዲዱ ሥር ያለው ጠጠር የተነጠፈው ውኃ እንዲያሳልፍ ነው። የከሰሉ ዱቄት በጠጠሩ መሃል ገብቶ ውኃውን ይዞ አስቀረው፤ ጠጠሩም ክብደቱን መሸከም አቃተው። የከሰሉ አቅርቦት ለወራት ተስተጓጎለ፣ የኃይል ማመንጫዎችም ክምችታቸው ተመናመነ። የባቡር ኩባንያው ቢኤንኤስኤፍ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የጭነቱ አናት ለነፋስ በማይመች መልኩ ድብልብል ተደርጎ እንዲስተካከልና ላዩ ላይ ዱቄቱን የሚያጣብቅ ፈሳሽ እንዲረጭበት አዘዘ። ወደ ምዕራብ ጠረፍ ለሚሄዱት ባቡሮች ደግሞ መንገድ ላይ፣ ዋሽንግተን ግዛት ፓስኮ ከተማ፣ ዳግመኛ የሚረጩበት ጣቢያ ተሠርቶላቸዋል።